የዜኖን ሃሉሽቻክ ስንብት

«መሪጌታውን አነጋገርሻቸው?» አሉኝ አክስቴ ኦሊምፒያ፣ ዓይናቸውን ከጎመኑ ሳያነሡ።

«አላገኘኋቸውም።»

ውሸቴን ነበር። መሪጌታ ኢላሪዮን ጠዋቱን ሙሉ ከላይ ሻማ ሲያስተካክሉ ነበር የዋሉት። ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ በወለሉ በኩል ይሰማን ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ረጅሙን ጠረጴዛ ከበን ለነገው የቀብር ምሳ ሩዝና ሥጋ በጎመን ቅጠል እንጠቀልላለን። ሐዘንተኛ አይሠራም ብለው ሴቶቹ ሊያስቀምጧቸው ቢሞክሩ አክስቴ ኦሊምፒያ እምቢ አሉ። «እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? እሱ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበትን አንድ ቀን አላስታውስም» አሉና ቢላዋ አነሡ።

አክስቴ የምላቸው በሥጋ ዝምድና አይደለም። በከተማችን በቬሴልካ ውስጥ የእናቷን እኩያ በባዶ ስሟ የምትጠራ ልጅ የለችም። ሟቹን ባላቸውን ደግሞ የከተማው ልጅ ሁሉ አጎቴ ዜኖን ይላቸዋል። እኔም የሕግ ትምህርቴን ጨርሼ የጥብቅና ቢሮአቸው ከተቀጠርኩ በኋላ ሌላ አጠራር አልመጣልኝም። አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሜ «አጎቴ እንዳሉት» ብዬ ዳኛውን አስቄአለሁ።

«ነገ እኮ ነው» አሉ አክስቴ ኦሊምፒያ።

«አውቃለሁ አክስቴ።»

«ሰውየው ሲሞት የለመነሽ አንድ ነገር ነው። አንድ ነገር።»

እኛ ዘንድ የሬሳ ሳጥን ከመዘጋቱ በፊት መሪጌታው የሟቹን አፍ ይዋሳል። በሟቹ ተተክቶ፣ በዜማ፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አበልጆቹን፣ ጎረቤቶቹን በየስማቸው እየጠራ ይቅርታ ይለምናል። የተጠራው ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» ይላል። ሳጥኑ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ትልቁ ከተማ ዊኒፔግ የገቡ ዘመዶቻችን ይህን ትተውታል፤ ቬሴልካ አልተወችውም። ማን ማን እንደሚጠራ ለመሪጌታው የሚነግረው ቤተ ሰቡ ነው። አጎቴ ዜኖን ግን አንዱን ስም ለእኔ ሰጡኝ።

ሆስፒታል ነበርን። እኔ የቢሮ ጉዳይ ይዤ ሄጃለሁ፣ አክስቴ ኦሊምፒያ መስኮቱ አጠገብ ሹራብ ይሠራሉ። አጎቴ ዜኖን የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«ያሪና፣ መሪጌታው ናዛርን ለብቻው ይጥሩልኝ። ‹ናዛር ሆይ፣ ስለ ዝምታዬ ይቅር በለኝ› ይበሉ። ቃል በቃል እንደዚሁ።»

«ስለ ምን ዝም...» ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርሰው ገባኝ።

በናዛር ቦይቹክ ሕይወት ውስጥ ሰው ዝም ሊልበት የሚችል አንድ ነገር ብቻ አለ። ልጁ ሮምኮ የከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን በረኛ ነበር። አጎቴ ዜኖን ናቸው ያሠለጠኑት። አንድ የጥር ምሽት ከልምምድ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ መኪና ገጨው፤ መኪናው አልቆመም። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረና የጎማ ዱካ እንኳ አልተረፈም። ልጁን ያገኘው አባቱ ነው። የሆኪ ዱላው ጫፍ ከበረዶው ውስጥ ብቅ ብሎ ነበር። ገጪው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አጎቴ ዜኖን ገጪውን ካወቁት ሊያውቁት የሚችሉት በአንድ መንገድ ነው። ሰውየው ቢሮአቸው መጥቶ፣ በር ዘግቶ ነግሯቸዋል። ደንበኛ ለጠበቃው የነገረው የደንበኛው ነው፤ ጠበቃው ሊያወጣው አይችልም። ጠበቃው ቢሞትም ምስጢሩ አብሮት አይቀበርም። ቢሮውን የተረከበ ሰው ይረከበዋል። ቢሮውን የተረከብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያቺ ቃል በሞላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለናዛር ብቻ ከተባለች ናዛር ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ ያን ክረምት ዜኖን ቢሮ ማን ይመላለስ እንደ ነበር ሰው ማስታወስ ይጀምራል። ቬሴልካ የምታክል ከተማ ውስጥ ይህ ግፋ ቢል የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ቃሏን ካላስተላለፍኩ ደግሞ የሟች ኑዛዜ በላሁ። አንዳንዴ መድኃኒቱ ነው የተናገረው እላለሁ። ጤነኛ ሆነው ቢሆን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ነገር በዜማ አስበትኚው ይሉኝ ነበር? ከዚያ ደግሞ እጄን የያዙበት ኃይል ይታወሰኛል። የመድኃኒት አያያዝ አልነበረም።

ሴቶቹ እየጠቀለሉ ያወራሉ።

«ዜኖን ባሌን ከእስር ያስፈታው ቀን ምን እንዳለው ታውቃላችሁ?» አለች አንዷ። «‹ቅዳሜ በቀኝ በኩል የሚያጠቃ ጎድሎናል፤ ጫማህን ይዘህ ና።› ሌላ ነገር የለም! ምክር የለ፣ ቁጣ የለ።»

«የወንድሜ ክርክር ቀን ዓይኑ ሥር ጠቁሮ አልመጣም? ዳኛው ‹ጠበቃ፣ ምን አገኘህ?› ቢለው፣ ‹ክቡር ዳኛ፣ እኔ ኳሷን አላየኋትም፤ እሷ ግን አየችኝ› አለ።»

«ኦሊምፒያንም ያገባት ለስሟ ብሎ ነው እኮ!»

«አንቺ አፍሽን ዝጊ» አሉ አክስቴ ኦሊምፒያ። ሣቁ ግን። ከሣቃቸው መሐል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ እየጠቀለልኩ አዳምጣለሁ። እንደ ልማዴ ነው። ልጅ ሆኜ ከሰው ፊት ድምፅ አይወጣኝም ነበር። አጎቴ ዜኖን ያን አይተው የጨዋታ ነጥብ ሰሌዳ ላይ አስቀመጡኝ። «አትናገሪ፤ ሰሌዳው ይናገርልሻል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም። ከመቀመጫዬ በታች፣ ከግቡ ጀርባ ናዛር ይቀመጣል። ልጁ ከሞተም በኋላ መምጣቱን አልተወም። አጎቴ ዜኖን ማሠልጠኑን ለወጣቶች ካስረከቡ ወዲህ አጠገቡ ይቀመጡ ጀመር፤ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው። አንድ ቀን ናዛር እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ዜኖን፣ አንተ ሕግ ታውቃለህ። ያ ሰውዬ ምን እያሰበ የሚተኛ ይመስልሃል?» አጎቴ ዜኖን ፔርሙዙን ከፈቱ። ሻይ ቀዱለት። ስኒው እስኪሞላ፣ ሞልቶም እስኪፈስስ ቀዱለት፤ ጓንታቸው ራሰ። ያን ጊዜ እርጅና ነው ብዬ ነበር።

«ያሪና፣ እስኪ የአሠልጣኝነት ጃኬቱን ከበረዶ ሜዳው አምጪልኝ» አሉ አክስቴ ኦሊምፒያ። «ሳጥኑ ውስጥ አደርግለታለሁ። ስትመለሺ ደግሞ መሪጌታውን።»

ሜዳው ባዶ ነበር። ዋሊ ድሚትሩክ በረዶውን የሚያለሰልሰው ማሽን ላይ ተቀምጦ በዝግታ ይዞራል። ዋሊ ከሮምኮ ጋር የተጫወተ፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠው ልጅ ነበር። አሁን የሜዳው ኃላፊ ነው። ነገ ሳጥኑን ከሚሸከሙት አንዱም እሱ ነው። ሲያየኝ ማሽኑን አጥሩ ጥግ አቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«የአጎቴን ጃኬት ፈልጌ ነው።»

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለ። ካለበት ግን አልተነሣም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ።»

«ጠበቃ ሲሞት የሚያውቀው ነገር የት ይሄዳል?»

የሞተሩ ድምፅ በባዶው አዳራሽ ውስጥ ይዞራል። ሁለታችንም በረዶውን ነበር የምናየው።

«የትም አይሄድም» አልኩ።

«አንቺ ጋ አይመጣም?»

«ቢመጣም ከእኔ አያልፍም።»

«ነግረውሻል?»

«ምንም አልነገሩኝም ዋሊ። አንተም አትንገረኝ። እዚህ አይሆንም።»

እሺ እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀ። አትንገረኝ ማለቴ ራሱ መልስ እንደሆነ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። እሱም ገብቶታል።

«ነገ መሪጌታው ስም ሲጠሩ እኔንም ይጠሩኛል?»

«የሚሸከሙት ሁሉ ይጠራሉ።»

«ጋሽ ናዛርስ?»

ለመመለስ ዘገየሁ። ዋሊ ፊቴን አየ፣ ከዚያ ከማሽኑ ወረደ።

«ተይው» አለኝ። «በእናትሽ፣ ተይው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ታናሿ ገና ቀጥ ብላ መንሸራተት መጀመሯ ነው።»

ጃኬቱን አወጣልኝ። እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ አንገቱን አስተካክሎ፣ የሕፃን ልብስ እንደሚታጠፍ አጠፈው። ስቀበለው እጄን እንዳይነካ ተጠነቀቀ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምጠብቀው ስም የሌለውን ሰው ነበር። አሁን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የበረዶ ጫማዬን ስለት የሚስልልኝ ሰው ሆነ። ልጠላው ሞከርኩ፤ መንገድ ዳር ያለውን የሆኪ ዱላ አሰብኩ፤ ጠላሁትም። ግን ጥላቻው ጠበቃ ከመሆን አላወጣኝም።

በሩ ላይ ናዛር ከፒክአፑ ሲወርድ ተገናኘን። ሽማግሌ ሆኗል። ጃኬቱን እጄ ላይ ሲያየው ኮፍያውን አወለቀ፤ ባዶ ጃኬት እንደሆነ ያስታወሰ ይመስል መልሶ አደረገው።

«የት ልቀመጥ ነገ?» አለኝ። «ሁልጊዜ ከእሱ በስተግራ ነው የምቀመጠው። አሁን ግራና ቀኙ ጠፋብኝ።»

«ከአክስቴ ኋላ ይቀመጡ።»

«መሪጌታው ይጠሩኛል አይደል? መልሴን መኪና ውስጥ እየተለማመድኩ ነው። ድምፄ እንዳይሰበርብኝ።» ትንሽ ሣቀ። «ስለ ሮምኮ ሳወራ ወሬ የማይቀይር ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ስለ አየሩ ይጀምራል።»

«አዎ» አልኩ። ቅዝቃዜውን ሰበብ አድርጌ ሄድኩ።

ያን ማታም መሪጌታውን አላነጋገርኩም። ያነጋገርኳቸው በማግስቱ ጠዋት፣ ደወሉ ሊደወል ሲል፣ ልብሳቸውን ሲለብሱ ነው።

«በመጨረሻ መጣሽ» አሉኝ። «ኦሊምፒያ ‹ያሪና የምትነግርዎት ስም አላት› ብላኝ ነበር። እሺ፣ ማነው?»

ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩትን ተናገርኩ። አጎቴ ዜኖን ያሠለጠኗቸው ልጆች ወላጆች ሁሉ ይጠሩ፤ ‹በያላችሁበት› ተብሎ በጅምላ ሳይሆን በየስማቸው። ቀጥሎ ሳጥኑን የሚሸከሙት። ለእያንዳንዱም «ስለ ተናገርኩትና ዝም ስላልኩት ይቅር በለኝ» ይባል።

«ሁሉም? በየስማቸው?» አሉ መሪጌታው። «ምርጫ ነው እንዴ የምናካሂደው? ታች ሾርባው ይቀዘቅዛል እኮ!»

«እባክዎን መሪጌታ።»

«‹ዝም ስላልኩት› የሚል ደግሞ በመጽሐፉ የለም።»

«ጠበቃ ነበሩ። ከተናገሩት ዝም ያሉት ይበልጣል።»

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። እንዲህ ረጅም ነገር ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ። «በይ ሂጂ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ አልክድም። አጎቴ ዜኖን ናዛርን ይቅርታ ይለምናሉ፤ የፈለጓት ቃልም ትባላለች። ግን በብዙ ስም መሐል ስለምትባል ማንም ነጥሎ አያያትም። ለአንዱም ለሌላውም ታምኛለሁ። ጥሩ የጠበቃ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። የቡድኑ ልጆች፣ ሸበቶዎቹም ጭምር፣ ከካፖርታቸው ሥር ሰማያዊ ማልያ ለብሰዋል። አጎቴ ዜኖን ጃኬታቸው ደረታቸው ላይ ተደርጎላቸው ተኝተዋል። በሕይወት እያሉ ያን ያህል ረጋ ብለው አያውቁም። የዘጠኝ ዓመት ልጆች ጨዋታ ላይ ከዳኛ ጋር ተሟግተው ከሜዳ የተባረሩ ሰው ናቸው። ማግስቱን ያንኑ ዳኛ ከጎረቤቱ ጋር በነበረው የአጥር ክርክር ቆመውለት አሸነፉለት።

ጸሎቱ አለቀ። መሪጌታው ወደ ሳጥኑ ራስጌ ሄደው ዜማቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«ባለቤቴ ኦሊምፒያ ሆይ፣ ስለ ተናገርኩትና ዝም ስላልኩት ይቅር በይኝ።»

አክስቴ ኦሊምፒያ ተነሡ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ዜኖን» አሉ። ድምፃቸው ንጹሕ ነበር።

ልጆቻቸው ተከተሉ። አበልጆቻቸው። ከዚያ ወላጆቹ፣ በየስማቸው፣ አንድ በአንድ። ሰው ይነሣል፣ ይመልሳል፣ ይቀመጣል። የአግዳሚው እንጨት ይንቋቋል። የስሞቹ ብዛት ሰውን ገርሞት እርስ በርሱ ይተያያል። መሪጌታው ወደ ናዛር ስም ሲቃረቡ ከሁለት መደዳ ፊት ያለውን የናዛርን ማጅራት እንጂ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

«ናዛር ሆይ፣ ስለ ተናገርኩትና ዝም ስላልኩት ይቅር በለኝ።»

አክስቴ ኦሊምፒያ ዞር ብለው አዩኝ። ለብቻው መጠራት እንደ ነበረበት እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

ናዛር ተነሣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዟል። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ወንድሜ» አለ። ድምፁ አልተሰበረም። ተቀመጠ። ከአጠገቡ ያለችው ሴት ተጠራች፤ መለሰች። ቀጣዩም እንዲሁ። አለፈ አልኩ በልቤ።

ከዚያ የተሸካሚዎቹ ተራ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። የናዛርን ስም ለመሸሸግ ስሞች ስሰበስብ የማስበው የናዛርን ጆሮ ብቻ ነበር። የዋሊን አፍ አላሰብኩም።

«ዋሊ ሆይ፣ ስለ ተናገርኩትና ዝም ስላልኩት ይቅር በለኝ።»

ዋሊ ተነሣ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

መሪጌታው ያልሰማ መስሏቸው ደገሙት። ዋሊ የፊተኛውን አግዳሚ ጀርባ በሁለት እጁ ጨብጦ ሳጥኑን ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ሰው ሳለ። ወደ ኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ።

«ተጣልተው ነበር እንዴ?» ስትል ከኋላዬ አንዲት ሴት ሰማሁ።

«ኧረ! እንደ ልጁ ነበር የሚያየው።»

«ታዲያ ይቅር በል ሲባል ምን አንቆት ነው?»

መሪጌታው ሦስተኛ ጊዜ ጠሩት። አሁን ዜማ አልነበረውም፤ ተራ ሰው ሰው እንደሚጠራ ነው። «ዋሊ። ልጄ። ስለ ተናገርኩትና ዝም ስላልኩት።»

ዋሊ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀና ተቀመጠ። ፊቱን በጓንቱ ሸፈነ።

በቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ካልተመለሰ ሳጥኑ አይዘጋም። ቄሱ መሪጌታውን አዩ፤ መሪጌታው ቄሱን አዩ። ያን ጊዜ አክስቴ ኦሊምፒያ እንደገና ተነሡ።

«እኔ ስለ እሱ እመልሳለሁ» አሉ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ዜኖን። ዝጉት።»

ሳጥኑ ተዘጋ። መዝሙሩ ተነሣ፤ ሁሉም ዘመረ። ናዛር ግን አይዘምርም። ወደ ኋላ ዞሯል። ዋሊን ያያል፤ እንደ ተቆጣ ሰው ሳይሆን ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው። ቀጥሎ ሳጥኑን አየ። ከዚያ እኔን።

ዓይኔን ወለሉ ላይ ጣልኩ። ካጠፋሁት ሁሉ የባሰው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን አይሰብርም።

ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን አነሡ። ዋሊም በግራ በኩል ቦታውን ይዞ ተሸከመ። መንገዱ ላይ አክስቴ ኦሊምፒያ ክንዴን ያዙኝ።

«ለብቻው ነበር ያለሽ።»

«አውቃለሁ አክስቴ።»

«ኋላ ትነግሪኛለሽ።»

«አልችልም።»

«እሱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አሉ። «አንድ ቤት ሆነን፣ አንድ አልጋ ላይ፣ አልችልም ኦሊምፒያ። አንቺም ጀመርሽ።» ክንዴን ግን አልለቀቁትም።

ውጭ ንፋሱ ፊት ይገርፋል። ከሜዳው የሚያነሣው በረዶ በደረጃዎቹ ላይ እንደ ዱቄት ይነፍሳል። ሳጥኑን መኪናው ውስጥ አስገቡት። ሰው ወደ መቃብሩ ለመከተል ወደየመኪናው ይበታተን ጀመር። ናዛር ከደረጃው ሥር ቆሞ አልተንቀሳቀሰም። መንገዱን ዘግቷል፤ በዚያ ሳያልፍ ወደ መኪናው መሄድ የሚችል የለም።

ዋሊ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አሁን ጠበቃዬ ማነው?» አለኝ።

«ከፈለግህ እኔ ነኝ።»

«ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

የተማርኩትን ሁሉ አስታወስኩ። ይህን ለመናገር ድምፅ ይወጣኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ወጣልኝ። «እዚህ ምንም አትናገር። ለማንም። አንዲት ቃል ካወጣህ መልሰህ አትሰበስባትም። ቀብሩ ሲያልቅ ቢሮ እንገናኝ፤ መንገዱን አብረን እናየዋለን።»

እያልኩት ናዛርን በትከሻው ላይ አሻግሬ አያለሁ። ይህ ሰው እሺ ካለኝና አፉን ከዘጋ፣ ከነገ ወዲያ ከግቡ ጀርባ ከናዛር አጠገብ የምቀመጠው፣ ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። እሺ እንዲለኝም እንዳይለኝም በአንድ ጊዜ ፈለግሁ።

«እሳቸውም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነው ያሉኝ» አለ ዋሊ። «‹ዛሬ ለማንም ምንም አትናገር፤ ሲነጋ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን› አሉኝ። ሲነጋ እኔ ቀረሁ። እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ሲጠብቁኝ ዋሉ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ኮታቸውን ለብሰው ሜዳው ድረስ ይመጡና ‹ዛሬስ?› ይሉኛል። አልሰደቡኝም። አንድ ቀን እንኳ። እምቢ ስል ልጆቹን ለማሠልጠን ጫማቸውን ያሥራሉ።» አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። «እኔ ምን ብዬ ነው ይቅር የምላቸው? ምን አድርገውኝ?»

«ዋሊ፣ እንደ ጠበቃህ ነው የምነግርህ...»

«ሰምቼሻለሁ። ነግረሽኛል፤ ሥራሽን ሠርተሻል።»

ጓንቱን አወለቀ። ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ክንዱን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ሳልይዘው መለስኩት። ደንበኛ መናገር ከመረጠ ጠበቃ የሚችለው አጠገቡ መቆም ነው። ተከትዬው ወረድኩ። በስተቀኙ ቆምኩ።

መኪኖቹ ሞተራቸውን አሙቀው ይጠብቃሉ። አክስቴ ኦሊምፒያ ከመኪናቸው በር ሆነው ያዩናል፤ ሹፌሩን ቆይ ብለውታል።

«ጋሽ ናዛር» አለ ዋሊ። «ያን ማታ...»

ንፋሱ የቀረውን ወሰደው። ናዛር ኮፍያውን ከጆሮው ላይ ገለጥ አደረገ።

«ቅረብ» አለው። «ከዚያ ሆነህ አይሰማኝም።»

ዋሊ ቀረበ።